የዱቄት ወተት ምንድን ነው? ደረቅ ሆኖስ እንዴት ይበላሻል?

በፋሲካ ማግስት ነው። እዚህ አዳማ አንዲት ጎረቤቴ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዛ መጣች። «እስቲ ይህን አሽተው» አለችኝ። አሸተትኩት፤ የሰነበተ ሞራ ይላል። ጣሳው ላይ የተጻፈው ቀን ግን ገና ወራት ይቀረዋል።

«ደረቅ ነገር እንዴት ይበላሻል?» አለች። ጣሳውን የከፈተችው በቅበላ ሰሞን ነው። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን ሙሉ ማንም አልነካውም።

ወተት ከ100 እጅ 87ቱ ውሃ ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ ወተቱን አሙቆ ብዙውን ውሃ ያተንነዋል። የወፈረውን ደግሞ እንደ ጉም አድርጎ ትኩስ አየር ውስጥ ይረጨዋል። ጠብታው መሬት ሳይደርስ ይደርቃል፣ ዱቄት ሆኖ ይወርዳል። ውስጡ የሚቀረው ውሃ 5 በመቶ ቢሆን ነው። ፕሮቲኑ፣ ስኳሩ፣ ካልሲየሙ፣ ቅባቱ እዚያው አለ።

ወተት የሚያኮመጥጡት ተሕዋስያን ያለ ውሃ አይራቡም። ስለዚህ ዱቄቱ አይኮመጥጥም። አልቀው ግን አይደለም፤ አንዳንዶቹ ተኝተው ውሃ ይጠብቃሉ።

ጎረቤቴን ጉድ የሠራት ቅባቱ ነው። ቅባቱ ያልወጣለት የዱቄት ወተት ከሩብ በላዩ ቅባት ነው። ቅባት ደግሞ አየርና ሙቀት ሲያገኘው ይከረፋል። ብዙ ፋብሪካዎች አየሩን አውጥተው ጣሳውን በናይትሮጅን የሚሞሉት ለዚህ ነው። እኛ ክዳኑን የቀደድን ዕለት ያ ጥበቃ አበቃ። ጣሳው ላይ ያለው ቀን ላልተከፈተ ጣሳ ነው። ከተከፈተ አንድ ወር ገደማ ውስጥ መጨረስ ይሻላል። ቅባቱ የወጣለት ዓይነት ትንሽ ይታገሣል። ለጿሚ ቤት የእኔ ምክር ከጥር በኋላ ትልቁን ጣሳ መተው ነው። ትንሿ ከረጢት ትበቃለች።

የጎረቤቴ ጣሳ የት እንደሚቀመጥ ሄጄ አየሁ። ከምድጃው በላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር! በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የአዳማ ቆርቆሮ ምን እንደሚሆን ለአዳማ ሰው አልነግርም። እንፋሎቱም አለ፤ ዱቄቱ እርጥበት ስቦ ይጓጉላል። ጨለም፣ ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሳጥን ጥሩ ነው። ፍሪጅ አያስፈልገውም። እንዲያውም ቀዝቃዛው ጣሳ ወጥቶ ሲከፈት ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ማንኪያው ደግሞ ደረቅ ይሁን። ሻይ ያማሰለ ማንኪያ መልሶ ጣሳ ውስጥ የሚከት ሰው በየቤቱ አይጠፋም።

መበጥበጡ ላይ እኔም ለዓመታት ተሳስቻለሁ። ዱቄቱን የሚንተከተክ ውሃ ላይ ስደፋው ጓል በጓል ይሆንብኝ ነበር። የዱቄቱ ውጪ ቶሎ ረጥቦ ይሸፍነውና ውስጡ ደረቅ ይቀራል። አጥሚት የምትሠራ እናት ዱቄቱን መጀመሪያ በትንሽ ውሃ በጥብጣ ነው የፈላው ላይ የምትጨምረው፤ ይኸውም እንደዚያ ነው። ዱቄቱን ኩባያ ውስጥ አድርጎ፣ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ ጠብ አድርጎ እንደ ቀጭን ሊጥ ማሸት፣ ከዚያ የቀረውን ማፍሰስ። ወይ እንደ በሶ ክዳን ባለው ዕቃ መናጥ። ከ40 እስከ 50 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ጥሩ ያሟሟዋል።

ውሃው ቀድሞ የፈላ ይሁን። አዳማ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። አያሳስብም፤ 1 ደቂቃ በደንብ ከተንተከተከ ይበቃል።

ልኩ ለአንድ ትልቅ ብርጭቆ፣ ማለትም ለ250 ሚሊ ሊትር፣ 30 ግራም ገደማ ነው። ወደ 4 የሾርባ ማንኪያ ይሆናል። 400 ግራሟ ጣሳ 3 ሊትር ያህል ይወጣታል። ለማብቃቃት ውሃ የሚያበዙ አሉ። ኑሮው አስገድዷቸው እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ልጁ የሚጠጣው ነጭ ውሃ ነው።

ውሃው ከተመለሰ በኋላ እንግዲህ ወተት ነው፣ እንደ ወተት ይበላሻል። ከፍሪጅ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። በእኛ ሙቀት 1 ሰዓት ቢባል ይሻላል። ፍሪጅ ውስጥም በ24 ሰዓት ይጠጣ። መብራት በሚሄድ በሚመጣበት ቤት ለአንዴ የሚጠጣውን ብቻ መበጥበጥ ነው። የዱቄት ወተት ትልቁ ጥቅሙም ይኸው አይደል?

ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። «ፋት ፊልድ» ካለ የላሙ ቅባት ወጥቶ የአትክልት ዘይት ገብቶበታል። መርዝ አይደለም፣ ርካሽም ነው፤ ግን ሙሉ ወተት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ይህ ወተት ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጡት ወተት ምትክ አይሰጥም። ለሕፃናት የሚዘጋጀው ፎርሙላ ሌላ ነው። አበጣጠሩም ይለያል፤ የተኙትን ተሕዋስያን ለመግደል ፈልቶ ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውሃ ተበጥብጦ፣ ቀዝቅዞ ነው የሚሰጠው።

እርጎስ? ይሆናል። ለብ ባለው ወተት ላይ አንድ ማንኪያ እርጎ ለእርሾ ጣል ማድረግ ነው። ዱቄቱን ትንሽ ካበዛችሁት ወፈር ይላል።

ጎረቤቴ ዱቄቱን ደፋችው። ጣሳውን ግን አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች፤ ለቡና ፈልጋዋለች።