ኢሲዩን ራስ በራስ ማስተካከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፋብሪካውን ኮምፒውተር አውጥተው እንደ ሜጋስኩርት፣ ስፒዱዊኖ ወይም ሃልቴክ ያለ ኢሲዩ (ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር) ገጥመው፣ ላፕቶፕ ይዘው ሞተሩን ራሳቸው ማስተካከል የሚያምራቸው ሰዎች አሉ። አንዱ እኔ ነኝ። በዚህ ዙሪያ የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም። እኔም አንዳንዱን አምኜ ዋጋ ከፍያለሁ።

«ኢሲዩው ራሱ ጉልበት ይጨምራል»

አይጨምርም። ዋና ሥራው ሁለት ነው፦ ኢንጀክተሩ ለስንት ሚሊሰከንድ ይከፈት፣ ካንዴላው መቼ ብልጭ ይበል። ላልተነካካ ሞተር የፋብሪካው ኮምፒውተር ይህን አሳምሮ ይሠራዋል። ቱርቦ፣ ትልቅ ኢንጀክተር ወይም ሌላ ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሲገባ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

«የዚያው ዓይነት ሞተር ማፕ ካገኘሁ ሥራው አለቀ»

ማፕ የምንለው ኢሲዩው የሚያነባቸውን የነዳጅና የብልጭታ ሠንጠረዦች ነው። የሰው ማፕ ሞተሩን ለማስነሳት ይጠቅማል። ከዚያ ወዲያ የራሳችሁን መኪና መለካት ግድ ነው። ኢንጀክተርን እንይ። ትእዛዝ ሲደርሰው ወዲያው አይከፈትም። በ14 ቮልት 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ቮልቴጁ ሲወርድ መዘግየቱ ይጨምራል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ጠቅላላ የመክፈቻ ጊዜው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ስህተቱ ትንሽ አይደለም። ማታ መብራት ስታበሩ ሚኒሞው የሚረበሽ ከሆነ፣ የነዳጁን ሠንጠረዥ ከመነካካታችሁ በፊት ይህን የመዘግየት ቁጥር እዩ።

ከሁሉ በፊት ግን ታይሚንግ ላይት፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭ ባለ ቁጥር አብሮ የሚበራ መብራት፣ ያስፈልጋል። ኢሲዩው ብልጭታውን ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ በፊት ላይ እንዲቆልፍ ታዙታላችሁ። ከዚያ መብራቱን ፑሊው ላይ አብርታችሁ ምልክቱ እውነት 10 ላይ መሆኑን ታያላችሁ። ስክሪኑ 10 እያለ ሞተሩ 20 ላይ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የምትሞሉት የታይሚንግ (የብልጭታ ጊዜ) ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው።

«መኪናው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ይበቃል»

የድሮው ዓይነት የሚናገረው ነዳጁ ከ14.7 ለ1 (14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን) በዛ ወይም አነሰ ብሎ ብቻ ነው። ምን ያህል እንደሆነ አይነግራችሁም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው የሚፈልገው ከ12.5 እስከ 13 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነዳጁ በዝቷል ማለት ነው። ይህን ለማየት ዋይድባንድ ሴንሰር፣ ማለትም ቁጥሩን ራሱን የሚያሳይ፣ መግዛት የግድ ነው።

ዋይድባንድም ቢሆን ያሳስታል። አንድ ጊዜ ሴንሰሩ ነዳጅ አንሷል ስላለኝ ሁለት ቀን ሙሉ ነዳጅ ስጨምር ከረምኩ። በጨመርኩ ቁጥር ባሰበት። ለካ አንዱ ካንዴላ ብልጭ አይልም ነበር። ያልተቃጠለው አየር ኦክስጅኑን እንደያዘ ወደ ጭስ ማውጫው ሲወጣ፣ ሴንሰሩ ኦክስጅኑን ቆጥሮ «ነዳጅ አነሰ» ይላል። የሚቆጥረው ኦክስጅን እንጂ ነዳጅ አይደለም።

«ኦቶቱን ሁሉንም ይሠራልኛል»

ኦቶቱን በዋይድባንዱ ንባብ ሠንጠረዡን በራሱ የሚያርም ሶፍትዌር ነው። የነዳጁን ሠንጠረዥ ያግዛል። ታይሚንጉን አይነካም። ሞተር የሚገድለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታይሚንግ ነው።

«ብልጭታው በቀደመ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል»

እስከ አንድ ቦታ ድረስ እውነት ነው። ቤንዚኑ ለመቃጠል ጊዜ ስለሚወስድ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ይለኮሳል። ግፊቱ ፒስተኑ ጫፉን አልፎ 15 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቢበረታ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ካስቀደማችሁት ግፊቱ ገና ወደ ላይ የሚወጣውን ፒስተን መልሶ ይገፋል። ጭነት ሲበዛ ደግሞ ገና ያልተቃጠለው ቅሪት በራሱ ይፈነዳል። መካኒኮች «ሞተሩ ያንኳኳል» የሚሉት ይህን ነው። ድምፁ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደ መነቅነቅ ነው። ማርሚታው የሚጮህ መኪና ላይ ግን ላትሰሙት ትችላላችሁ፤ ፒስተኑ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው የምታውቁት። ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ከሌላችሁ ብልጭታውን ጥቂት ዲግሪ ማዘግየት ይሻላል። የምታጡት ጉልበት ጥቂት ነው።

«አዲስ አበባ ላይ ከተስተካከለ የትም ይሠራል»

ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ የእኛ አገር ጉዳይ ነውና። የነዳጁ ሠንጠረዥ በአንድ በኩል የሞተሩን ዙር፣ በሌላ በኩል ሞተሩ የሚስበውን አየር ግፊት በኪሎፓስካል ይይዛል። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች 76 አካባቢ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው መኪና መሐል ከተማ ውስጥ እስከ ወለሉ ብትረግጡት ከ76 አያልፍም። የ90 እና የ100 ረድፎች አንድም ቀን አልተነኩም ማለት ነው።

ከዚያ ወደ አዋሽ ትወርዳላችሁ። ከፍታው 1,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ግፊቱ ወደ 90 ይጠጋል። ሞተሩ 15 በመቶ ገደማ ተጨማሪ አየር ይስባል። ሙቀቱም አለ። አዲስ አበባ ላይ ያላንኳኳ ታይሚንግ እዚያ ሊያንኳኳ ይችላል፤ ማንም አይቶት በማያውቀው ረድፍ ላይ። እንደ ዴንቨር ባለ ከፍታ ላይ ባለ የአሜሪካ ከተማ ያላችሁም ወደ ቆላ ስትወርዱ ይኸው ያጋጥማችኋል። እኔ ከጉዞ በፊት ላይኛዎቹን ረድፎች ከታችኛዎቹ አዝማሚያ ተነስቼ እሞላለሁ። ነዳጁን ትንሽ አበዛለሁ፣ ብልጭታውን 3 ዲግሪ አዘገያለሁ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ይነዳል፣ ሌላው ላፕቶፑ ላይ ይመዘግባል። መሪ ይዞ ስክሪን ማየት እብደት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ኢሲዩ የአካባቢውን የአየር ግፊት የሚለካው ቁልፍ ሲከፈት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነዳጁን በስሮትሉ አከፋፈት በሚያሰላ ቅንብር ላይ ከሆናችሁ፣ ሳታጠፉ ቁልቁል ስትወርዱ ኮምፒውተሩ አሁንም አዲስ አበባ ያለ ይመስለዋል። ነዳጁም እያነሰ ይሄዳል። መኪናው አዋሽ ላይ ጠፍቶ፣ ምሳ ተበልቶ ሲነሳ በራሱ የዳነ የሚመስለው ለዚህ ነው።