ስለ «የአውሬው ቁጥር» የሚወሩ ስህተቶች፦ ሳያደምጡ የሚፈሩት እና አድምጠን የምንሳሳተው

ጠዋት ነበር። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄ ተቀምጫለሁ፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ እጄ ላይ ስልክ። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የተከናነቡ እናት ስልኬን አየት አደረጉና ቶሎ ብለው አማተቡ። አልፈርድባቸውም። ስክሪኑን የሞላው ሥዕል ቀንዳም ቀይ ሰይጣን ነው፤ ከሰይጣኑ በላይ ደግሞ ቆዳው አጥንቱ ላይ የደረቀ ግዙፍ ፍጥረት ቆሟል።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ዘፈን ነው እማማ። የእንግሊዞች ነው።»

«ዘፈን? እንዲህ ሆኖ?»

ላረጋጋቸው ብዬ ዘፈኑ የሚጀምረው ከዮሐንስ ራእይ በሚነበብ ቃል መሆኑን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ቅዱስ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ምን ያስጮኸዋል?» አሉ። የማዳመጫዬ ድምፅ ለካ እሳቸው ጋ ድረስ ይሰማል። ወራጅ ብዬ ወረድኩ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ወረደ።

አልበሙ የእንግሊዙ ሄቪ ሜታል ቡድን የአይረን ሜይደን «ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቢስት» ነው፤ በአማርኛ «የአውሬው ቁጥር» እንደማለት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1982 የወጣ፣ የቡድኑ ሦስተኛ አልበም፣ ብሩስ ዲኪንሰን በድምፃዊነት የተቀረጸበት የመጀመሪያው፣ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃ ላይ የወጣላቸውም የመጀመሪያው። ስምንት ዘፈን፣ 40 ደቂቃ ገደማ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ስለ አልበሙ የሚባሉት የተሳሳቱ ነገሮች ግን ከማይወዱት ሰዎች ብቻ የመጡ አይደሉም፤ ግማሹን የምናወራው እኛው አድናቂዎቹ ነን።

«ሰይጣን የሚመለክበት አልበም ነው»

ከስህተቶቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ስለሆነ ብዙ ልቆይበት። ከስምንቱ ዘፈኖች ስለ አውሬው የሚያወራው አንዱ፣ ርዕሱን ለአልበሙ የሰጠው ዘፈን ብቻ ነው። የቀሩት ስለ ቫይኪንጎች ወረራ፣ ስለ አንዲት ሴተኛ አዳሪ፣ ስለ ወንበዴዎች፣ ስለ እስረኞች ናቸው። ሁለቱ ከፊልምና ከቴሌቪዥን ድራማ የተወሰዱ ናቸው።

አንዱ ዘፈንስ ምን ይላል? መግቢያው ላይ አንድ ጎርናና ድምፅ የሚያነበው ከራእይ ምዕራፍ 12 ቁጥር 12 እና ከምዕራፍ 13 ቁጥር 18 ነው። ሁለተኛውን እኛ አገር ያልሰማው ጥቂት ነው፦ «ጥበብ በዚህ አለ። አእምሮ ያለው የአውሬውን ቍጥር ይቍጠረው፤ ቍጥሩ የሰው ቍጥር ነውና፥ ቍጥሩም ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ነው።» የመጀመሪያውን ጥቅስ ግን የዘፈኑ ጸሐፊ ስቲቭ ሃሪስ ትንሽ ነካክቶታል። መጽሐፉ ዲያብሎስ ራሱ በታላቅ ቁጣ ወረደ ሲል፣ በአልበሙ ላይ የሚነበበው ዲያብሎስ አውሬውን ላከ ይላል። ለሰባኪ ስህተት ነው፤ ለተራኪ ግን ሁለቱን ምዕራፎች የሚያያይዝ ድልድይ ነው።

ግጥሙን የጻፈው የቡድኑ መሥራችና ቤዝ ጊታር ተጫዋች ስቲቭ ሃሪስ ነው። መነሻው ቅዠት ነው፦ «ዴሚየን፦ ኦሜን 2» የተባለውን ፊልም አምሽቶ አይቶ ተኛ፣ ሌሊቱን ሲቃዥ አደረ። ሌላው ምንጩ ስኮትላንዳዊው ባለቅኔ ሮበርት በርንስ «ታም ኦ ሻንተር» ብሎ የጻፈው ረጅም ግጥም ነው፤ ሰክሮ በፈረስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጠንቋዮች ሲጨፍሩ አይቶ የሸሸ ገበሬ ታሪክ። የሃሪስም ሰው እንደዚያው በሌሊት ችቦና የመሥዋዕት ሥርዓት ያያል፣ ያየው እውን ይሁን ሕልም ይጠፋዋል፣ ይደነግጣል። ከዚያ ምን ያስባል መሰላችሁ? ለሕግ ሄዶ ለመጠቆም! ሰይጣን አምላኪ ፖሊስ ጣቢያ ሲሮጥ አስቡት። እውነቱን ላለመደበቅ፣ የመጨረሻው ክፍል ላይ የሚናገረው አውሬው ራሱ ነው፤ ተመልሼ እመጣለሁ እያለ ያስፈራራል። ግን ተረት የነገረችን አያት በጅብ ድምፅ ስላወራች ጅብ አልሆነችም።

በ1982 ቡድኑ አሜሪካን ሲዞር ይህን ለማየት ያልፈለጉ ሃይማኖተኛ ቡድኖች ተቃውሞ ወጡ፣ ሸክላዎቹን ሰብስበው አቃጠሉ። አንዳንዶቹ የሚቀልጠው ፕላስቲክ ጭስ ይጎዳናል ብለው ማቃጠሉን ትተው በመዶሻ መሰባበር ያዙ። ለማቃጠል መጀመሪያ መግዛት እንደሚያስፈልግ ማንም አላስታወሳቸው ይሆናል።

እማማን ያስደነገጠው ሥዕልም ሲፈሩት የሚመስለውን አይናገርም። ሠዓሊው ዴሪክ ሪግስ ነው፤ ግዙፉ ፍጥረት ደግሞ የቡድኑ መለያ የሆነው ኤዲ። ጠጋ ብሎ ላየው ሰይጣኑ አሻንጉሊት ነው፤ እንደ አሻንጉሊት በገመድ የሚያንቀሳቅሰው ኤዲ ነው። ሰይጣኑ በተራው ሌላ ትንሽ ኤዲ በገመድ ይዟል። ማን ማንን እንደሚያጫውት ግራ የሚያጋባ ሥዕል እንጂ ለማንም የተሰገደበት አይደለም። የተሣለውም ለዚህ አልበም ሳይሆን «ፐርጋቶሪ» ለተባለው የ1981 ነጠላ ዜማቸው ነበር። ሥራ አስኪያጃቸው ሮድ ስሞልውድ ለነጠላ ዜማ እንዳይባክን ብሎ አስቀመጠው።

«ወደ ኋላ ሲጫወት ድብቅ መልእክት አለው»

ድብቅ መልእክቱ ያለው በቀጣዩ፣ በ1983ቱ አልበማቸው ላይ ነው፤ ያስገቡትም በከሳሾቻቸው ለመቀለድ ነው። ወደ ኋላ ሲያዞሩት የሚሰማው አዲሱ ድራመር ኒኮ ማክብሬን በኢዲ አሚን አነጋገር እያላገጠ፣ በማታውቁት ነገር አትግቡ ሲል ነው። ሰይጣን ፍለጋ የወጡ ሰዎች የኡጋንዳውን ጄኔራል አገኙ። ማክብሬን በኋላ በ1999 ዳግም የተወለደ ክርስቲያን ሆኗል፤ እስከ 2024 ድረስም እነዚህን ዘፈኖች በየመድረኩ ሲመታ ኖሯል።

«ሲቀረጽ ስቱዲዮው ተረግሞ ነበር»

ይህን የምናወራው እኛ ነን፣ በደስታም ነው የምናወራው። መብራት በራሱ ይበራል ይጠፋል፣ መሣሪያ ይበላሻል፤ ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን በርች መነኮሳት ከጫነ መኪና ጋር ተጋጭቶ የጥገናው ሂሳብ 666 ፓውንድ መጣበትና ቁጥሩን እንዲቀይሩለት ለመነ ይባላል። ቡድኑ ራሱ የሚነግረው ታሪክ ነው፤ ግጭቱን ልመን፣ ሂሳቡንም ልመን። ግን «የአውሬው ቁጥር» የሚባል ሸክላ ሊሸጥ የተሰናዳ ቡድን እንዲህ ያለ ወሬ ሲያገኝ ዝም ይላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የለንደን መብራትም ቢሆን አንዳንዴ ይጠፋል።

«መግቢያውን የሚያነበው ቪንሰንት ፕራይስ ነው»

አይደለም፣ ባሪ ክሌይተን የተባለ ተዋናይ ነው። የአስፈሪ ፊልሞቹን ንጉሥ ፕራይስን ፈልገውት ነበር፤ የጠየቀው ክፍያ ግን ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ግራ መጋባቱ የሚገባኝ ነው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» ላይ በዚያ ድምፁ የሚተርከውና የሚስቀው እውነተኛው ፕራይስ ነው።

«‹ራን ቱ ዘ ሂልስ› የካውቦይ ጨዋታ ነው»

ዘፈኑ «ወደ ተራሮቹ ሩጡ» ማለት ነው፤ አልበሙ ከመውጣቱ በፊት በየካቲት ለብቻው ወጥቶ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 7ኛ ደረጃ ደርሷል። ዜማው ለጭፈራ የሚያነሳሳ ስለሆነ ብዙ ሰው ግጥሙን አይከተልም። የመጀመሪያው ክፍል የሚነገረው በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አፍ ነው፦ ነጩ ሰው ባሕር ተሻግሮ መጣ፣ መከራ አመጣብን፣ እኛም ተዋጋነው። ሁለተኛው ላይ አፉ ይቀየራል፤ አሳዳጁ ወታደር በራሱ የጥላቻ ቋንቋ ይናገራል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ አሉ፤ የወታደሩን ንግግር የቡድኑ አቋም አድርገው ይወስዱታል። ሦስተኛው ክፍል ከውጭ ቆሞ ያያል፤ ሴቶች ሲደፈሩ፣ ወንዶች ሲገደሉ፣ መጠጥ ሲሸጥላቸው፣ ወርቃቸው ሲዘረፍ። በአራት ደቂቃ ዘፈን ሦስት ተናጋሪ። እኔ በጣሊያን ጊዜ ዱር የገባ ሰው የልጅ ልጅ ነኝና ያ አዝማች ሲመጣ የምሰማው የነሱን ተራራ ብቻ አይደለም።

«ቤዙ በፒክ ነው የሚመታው»

ያ የፈረስ ግልቢያ የመሰለ ምት በፒክ፣ ማለትም ክሩ በሚመታበት ትንሽ ፕላስቲክ ካልሆነ አይቻልም የሚል ክርክር ከጓደኛዬ ጋር አንድ ማኪያቶ አስይዤ አሸንፌያለሁ። ሃሪስ የሚጫወተው በባዶ ጣቱ ነው። መድረክ ላይ ሲጫወት የሚያሳይ ማንኛውም ቪዲዮ ይበቃል፤ እጁን ብቻ ማየት ነው።

«ዲኪንሰን ዘፈነ እንጂ አንድም አልጻፈም»

የአልበሙ ጀርባ ላይ እንደ ግጥምና ዜማ ደራሲ ስሙ የለም፤ ስህተቱ የመጣው ከዚያ ነው። በ1981 መገባደጃ የቀድሞውን ድምፃዊ ፖል ዲያኖን ተክቶ ሲመጣ ከቀድሞ ቡድኑ ከሳምሰን ጋር የነበረው ውል አልተፈታም ነበር፤ ስለዚህ ስሙ በደራሲነት ሊሰፍር አልቻለም። ቢያንስ በሦስት ዘፈኖች ላይ እጁ እንዳለበት ኋላ ተነግሯል፤ ከነዚያ አንዱ «ራን ቱ ዘ ሂልስ» ነው። ቀጣዩ አልበም ላይ ውሉ ሲያልቅ ስሙ ብቅ ብቅ አለ።

የርዕስ ዘፈኑን ዝነኛ ጩኸት ነገርም እዚሁ ላንሳው፤ ብዙዎች የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ይመስላቸዋል። በርች የርዕስ ዘፈኑን የመጀመሪያ ስንኞች፣ በለሆሳስ የሚባሉትን፣ ለሰዓታት ደጋግሞ አዘፈነው። ዲኪንሰን ተሰላቸ፣ ተናደደ፣ የስቱዲዮውን ዕቃ መወርወር ጀመረ። በርች ደግሞ ከዚያ በፊት ሌላውን ድምፃዊ ሮኒ ጄምስ ዲዮንም በአንድ ስንኝ እንዲሁ እንዳሰቃየው ነገረው። የታመቀው ንዴት የወጣው በጩኸቱ ነው። ስለዚህ፣ እማማ፣ አንዱ መልስ ይህ ነው፦ ፕሮዲዩሰሩ አናዶት ነው።

«እንከን የለሽ አልበም ነው»

እዚህ ላይ ጓደኞቼ ይቀየሙኛል። መክፈቻው «ኢንቬደርስ» ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ ጉልበት አለው፣ አዝማቹ ግን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መዝሙር ይመስለኛል። ሰባተኛው «ጋንግላንድ» ደግሞ የክላይቭ በር ድራም ባይሸከመው ኖሮ ባለበት ይወድቅ ነበር። (በር ከዚህ አልበም በኋላ ቡድኑን ለቀቀ፣ በ2013 አረፈ። የአልበሙ ትንፋሽ የእሱ ነው፤ ማክብሬንን እወዳለሁ፣ ግን እንዲህ የሚወዛወዝ ምት ከዚያ ወዲህ አልሰማሁባቸውም።) «ራን ቱ ዘ ሂልስ» በነጠላ ዜማነት ቀድሞ መውጣት ስለነበረበት ከጀርባው የሚሆን ዘፈን በጥድፊያ መመረጥ ነበረበት፤ «ቶታል ኢክሊፕስ» ወደዚያ ሄደ፣ «ጋንግላንድ» አልበሙ ላይ ቀረ። ሃሪስ ራሱ ምርጫው ስህተት እንደነበር ተናግሯል፤ በ2022ቱ የ40ኛ ዓመት የሸክላ እትምም «ጋንግላንድ»ን በ«ቶታል ኢክሊፕስ» ተኩት። እኔ ግን አሁንም የምሰማው የድሮውን ነው፣ ከነእንከኑ ስለለመድኩት።

«ጩኸት ብቻ ነው»

የመጨረሻው ዘፈን ስም «ሃሎውድ ቢ ዛይ ኔም» ነው። ትርጉሙን ማንም ያውቀዋል፣ በየቀኑ «አባታችን ሆይ» ስንል እንለዋለንና፦ ስምህ ይቀደስ። ሰባት ደቂቃ ይረዝማል። የሚጀምረው በደወል ነው፤ ቀስ ያለ፣ የሩቅ ደወል። አንድ ሰው በቀዝቃዛ ክፍል ተቀምጦ ሊሰቀል ሰዓቱን ይጠብቃል። ድምፁ መጀመሪያ ጩኸት የለበትም፤ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ነው። ካህኑ መጥቶ ያነብለታል፣ እሱም በመስኮቱ ብረት አሻግሮ ያበቃችለትን ዓለም ያያል። አልፈራም ይላል፣ ቀጥሎ ይፈራል፤ አምላክ ካለ ለምን ይተወኛል ይላል፤ እንባው ለምን እንደሚወርድ ራሱን ይጠይቃል፣ ነፍሴ ትኖራለች ብሎ ደግሞ ይጽናናል። ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት በበገና የሚባለውን እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ አይሆንበትም። እነሱ ኤሌክትሪክ ላይ ሰኩት እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ከዚያ ቃል ያበቃል፣ ጊታሪስቶቹ ዴቭ መሬይና ኤድሪያን ስሚዝ ጊታሮቻቸውን ጎን ለጎን አድርገው ይገባሉ፤ ምቱ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ወደ መስቀያው የሚራመደው ሰው ልብ እንደሚመታው። ረጅም ነው፣ ማንም አይዘፍንም፣ ግን ታሪኩ አልቆመም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩትን ይህን ክፍል ዛሬም መሃል ላይ ማቋረጥ አልችልም፤ ስልክ ቢጠራ አላነሳም።

ዲኪንሰን የሚመለሰው መጨረሻው ላይ ነው፤ የሚጮኸውም «ስምህ ይቀደስ» ብሎ ነው። ምን ያስጮኸዋል ላሉኝ እናት ዋናው መልስ እዚህ ነበር። ገመዱ አንገቱ ላይ ነው፣ እማማ። ሰባት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ ያን ቀን መንገዱም ተዘግቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ቸኩዬ የወረድኩት።