የማስተማሪያ ዳታ ምንድን ነው?

ማኑዋል መኪና ከአውቶማቲክ ይልቅ ነዳጅ እንደሚቆጥብ «በዳታ ተረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ልዩነቱ በጋሎን 7 ማይል ነው ይላል። ዳታው ምንድን ነው ብዬ ባየው ኤምቲካርስ (mtcars) የሚባለው የማስተማሪያ ዳታ ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ ያለውን አይቼ ማለፍ ለምጄ ነበር፤ አሁን ግን በዛ።

የማስተማሪያ ዳታ አንድን ዘዴ ለማለማመድ የተመረጠ የቁጥር ስብስብ ነው። «ለማጅ» የሚል የተለጠፈበትን መኪና አስቡ። ፍሬን በአስተማሪው እግር ሥርም አለ። ሜዳው የታወቀ ነው፤ ካምቢዮውም የስንቱን ሰው ዱላ ችሏል። መንዳት ለመማር ከእሱ የተሻለ የለም። ተሳፋሪ ጭኖ ደሴ የሚወስደው ግን የለም። በዳታው በኩል የአስተማሪው ፍሬን መልሱ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ተማሪው ሲስት ወዲያው ይያዛል። (ምሳሌዬም ዳታውም መኪና ሆኑ፤ ግድ የለም።)

ኤምቲካርስ አር (R) ከሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ጋር አብሮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣው የአሜሪካው ሞተር ትሬንድ መጽሔት የተወሰዱ 32 መኪኖች ናቸው። ማዜራቲና ፌራሪ ከሆንዳ ሲቪክ ጎን ተሰልፈዋል። በዕጣ የተመረጠ የለም። ስለዚህ «በስታትስቲክስ ጉልህ ልዩነት» ስትሉ፣ የምን መኪኖች ልዩነት? የዛሬ የአዲስ አበባ መኪኖች? የዚያን ጊዜ የአሜሪካ መኪኖችን እንኳ በወጉ አይወክልም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ የጽሑፉ ባለቤት ትምህርቱን ራሱን መዝለሉ ነው። 13ቱ ማኑዋሎች በአማካይ በጋሎን 24.4 ማይል ይሄዳሉ፤ 19ኙ አውቶማቲኮች 17.1። እዚህ ድረስ ልክ ነው። ግን አውቶማቲኮቹ በአማካይ ወደ 3,770 ፓውንድ ይመዝናሉ፣ ማኑዋሎቹ ወደ 2,410። ክብደትን ወደ ሪግሬሽኑ (አንድ ነገር ከሌሎች ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ወደሚያሰላው ዘዴ) ስታስገቡ የካምቢዮው ልዩነት ዜሮ አካባቢ ይወርዳል። መምህራን ይህን ዳታ የሚወዱት ለዚህ ነው። እሱ ወጥመዱን እንደ ግኝት ለጠፈው።

«እንግዲያው ቁጥሩን ራሴ ፈጥሬ ባስተምርስ? ቁጥር ቁጥር ነው» የሚልም አለ። ቀመር ለማስላት ይቻላል። የስታትስቲክስ ባለሙያው አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 ለማስተማሪያ ያዘጋጃቸው አራት ስብስቦች አማካያቸውም፣ ተዛምዷቸውም (0.816)፣ የሪግሬሽን መስመራቸውም አንድ ነው፤ በግራፍ ሲሳሉ ግን በጭራሽ አይመሳሰሉም። ድንቅ ነው። ግን እሱ እያንዳንዱን ነጥብ ለምን እዚያ እንዳስቀመጠ ያውቅ ነበር። ከኤክሴል በዘፈቀደ የወጣ 50 ቁጥር ግን «ማን ለካው? ማን ቀረ? የጎደለው ለምን ጎደለ?» ተብሎ አይጠየቅም። ተማሪው ሥራ ዓለም ሲገባ የሚጠብቀው ይሄ ጥያቄ ነው።

«የሀገራችንን ዳታ እንጠቀም» የሚሉትን እደግፋለሁ፤ ሙያዬ ዳሰሳ ስለሆነ ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሀብታም ዳታ ነው፤ ለማጅ መኪና ግን አይደለም። ሐረሪን የመሰሉ ትናንሽ ክልሎች ለብቻቸው ግምት እንዲወጣላቸው ሲባል ከሕዝብ ድርሻቸው በላይ ናሙና ተወስዶባቸዋል። የናሙና ክብደቱን (ለእያንዳንዱ መላሽ እንደ ሕዝብ ድርሻው የሚሰጠውን ሚዛን) ሳይጠቀም አማካይ ያወጣ ተማሪ የሀገሪቱን አማካይ አያገኝም። ቤተሰቦቹም የተመረጡት በክላስተር፣ ማለትም በየአካባቢው በቡድን በቡድን ነው፤ ያንን የዘነጋ ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳየው ልኬት) አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ ያንስበታል።

ለጀማሪ ክፍል የፓልመር ፔንግዊኖች የሚባለውን ዳታ እመርጣለሁ። አንታርክቲካ ላይ የተለኩ 344 ወፎች፣ ሦስት ዝርያ፣ የጎደለ ልኬትም አለበት። ማን እንደለካውና የት እንደተለካ ተጽፏል። ሁሉንም ቀላቅላችሁ ስታዩ ምንቃሩ በረዘመ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ያለው ውፍረቱ የሚቀንስ ይመስላል። በየዝርያው ስትለዩት ግን ሁለቱ አብረው ይጨምራሉ። የክፍለ ጊዜው ግማሽ በዚህ ክርክር ቢያልቅ አይቆጨኝም።