ሐብሐብ ለጤና የሚሰጠው ጥቅም

ሐብሐብ ከዱባና ከኪያር ወገን የሆነ፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚያድግ ተክል ፍሬ ነው። አገሩ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዘረ መል ጥናት የዛሬው ጣፋጭ ሐብሐብ የቅርብ ዘመድ በሱዳን የኮርዶፋን ምድር የሚበቅለው፣ ውስጡ ነጣ ያለ ሐብሐብ መሆኑን አመልክቷል። ዘሩ በግብፁ ፈርዖን በቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥም ተገኝቷል።

ከ100 ግራም ሐብሐብ 91 ግራም ያህሉ ውኃ ነው፤ ስኳሩ 6 ግራም ገደማ ሲሆን የሚሰጠው ኃይል ከ30 ካሎሪ እምብዛም አያልፍም። በሙቀት ወራት ጥም የሚቆርጠው፣ ሆድን ሞልቶ ክብደት የማይጨምረውም ለዚህ ነው። በቫይታሚን ሲ ግን የሚወደስ አይደለም፤ በ100 ግራም 8 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ሲይዝ ብርቱካን በዚያው መጠን ከ50 በላይ ይሰጣል።

እውነተኛ ሀብቱ ቅላቱ ነው። ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒን ሐብሐብንም ያቀላዋል፤ እንዲያውም ቀይ ሐብሐብ በ100 ግራም 4.5 ሚሊ ግራም ገደማ ላይኮፒን ሲኖረው ጥሬ ቲማቲም 2.6 አካባቢ ነው ያለው። ላይኮፒን የሰውነት ሕዋሳትን ከጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር ነው። የቲማቲሙ በደንብ እንዲገኝ ቲማቲሙ መብሰል ሲኖርበት፣ የሐብሐቡን ግን ሰውነት ከጥሬው ይወስደዋል። ቅባት ስለሚያሟሟው ከጥቂት ለውዝ ጋር መብላት ያግዛል። ያልበሰለ ወይም ውስጡ ቢጫ የሆነ ሐብሐብ ይህን ጥቅም እምብዛም አይሰጥም።

ሌላው ሲትሩሊን ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1914 ከሐብሐብ ጭማቂ ለይተው ያወጡት ይህ አሚኖ አሲድ በኩላሊት ውስጥ አርጂኒን ወደሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ይቀየራል። ከአርጂኒን የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ ደግሞ የደም ሥሮችን ያላላል። ጥቂት ሰዎችን ያሳተፉ ጥናቶች የደም ግፊት መጠነኛ መቀነስ አሳይተዋል። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሆኖም የግፊት መድኃኒቱን ትቶ በሐብሐብ የሚታመን ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ለወንዶች የቪያግራን ያህል ይሠራል እየተባለ የሚነገረውም የተጋነነ ነው። ሲትሩሊን ከቀዩ ሥጋ ባሻገር ነጩ ቅርፊት ውስጥም ስላለ፣ ቅርፊቱን አብስሎ መብላት ወይም ከቀዩ ጋር መጭመቅ ብልህነት ነው።

የስኳር ሕመምተኞች ሐብሐብን ፈጽሞ እንዲርቁ ሲነገራቸው እሰማለሁ፤ ይህ አያስፈልግም። ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም የሚገባ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቁራጭ ውስጥ ያለው መጠን አነስተኛ ነው። ችግሩ የሚመጣው ግማሹን ፍሬ በአንድ ጊዜ ከመጨረስ፣ ይልቁንም ጭማቂው ላይ ስኳር ከመጨመር ነው። ኩላሊታቸው የተጎዳ ሰዎች ግን በውስጡ ባለው ፖታሲየም ምክንያት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው፤ ሆዳቸው በቀላሉ የሚነፋ ሰዎችም መጠኑን ይቀንሱ።

ያልተቆረጠ ሐብሐብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲቀመጥ ላይኮፒኑን የበለጠ ይጠብቃል። ከተቆረጠ በኋላ ግን ጀርም ቶሎ ይራባበታል። ስለዚህ ቢላዋው ልጣጩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ እንዳያስገባ ፍሬውን አስቀድሞ በደንብ ማጠብ፣ የተረፈውን ሸፍኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ የዋለውን ደግሞ አለመግዛት ይገባል።