የቲዩብ ጊታር አምፕሊፋየር አሞካከር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቲዩብ አምፕሊፋየር (ባጭሩ አምፕ፦ የጊታርን ድምፅ አየር በወጣላቸው የብርጭቆ ቱቦዎች የሚያጎላ መሣሪያ) ሊገዛ ሙዚቃ መሣሪያ ቤት የገባ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ስንት ዋት ነው?» ከዚያ ቮልዩሙን 1 ላይ አድርጎ ለ5 ደቂቃ ይነካካና «ድምፁ ደረቅ ነው» ብሎ ይሄዳል፤ አለዚያም ባለ 100 ዋቱን ተሸክሞ ይወጣል። ሁለቱም ስህተት ሥሩ አንድ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

«100 ዋት ከ50 ዋት እጥፍ ይጮኻል»

አይጮኽም! ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮም «ትንሽ ከፍ አለ» ከማለት አያልፍም። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ወደ 10 ዴሲቤል መጨመር አለበት፤ ይህ ደግሞ 10 እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ 50 ዋት ለጆሮ እጥፍ የሚሆነው የ25 ዋትን ሳይሆን የ5 ዋትን ድምፅ ነው። «መጫወቻ» ተብሎ የሚናቀው ባለ 5 ዋት አምፕ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት መኝታ ክፍል ውስጥ አያስቀምጥም።

በዚህ ላይ ስፒከሩ አለ። በ1 ዋት 1 ሜትር ርቀት ላይ 97 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር አለ፤ 100 የሚያወጣም አለ። የ3 ዴሲቤሉ ልዩነት ዋቱን እጥፍ ከማድረግ እኩል ነው። ባለ 15 ዋት አምፕ ከሁለተኛው ጋር፣ ባለ 30 ዋት ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር ቢገጠሙ የድምፃቸው ጉልበት ያው ነው። ሻጩን ስለ ዋቱ የምትጠይቁትን ያህል ስለ ስፒከሩም ጠይቁ።

ታዲያ ዋት ምን ይወስናል? ንጹሑ ድምፅ የት ላይ እንደሚያልቅ ይወስናል። ቲዩብ ወደ አቅሙ ጫፍ ሲጠጋ ድምፁ መጀመሪያ ይወፍራል፣ ቀጥሎ መሻከር ይጀምራል። ክሩን ቀስ ብለው ሲመቱት ጥርት ይላል፤ ጠንከር ሲያደርጉት ይሻክራል። ሰው ቲዩብ ፍለጋ የሚለፋው ለዚህች ቦታ ሲል ነው። ማስተር ቮልዩም (የመጨረሻውን ጩኸት ብቻ የሚቀንስ ማዞሪያ) የሌለው ባለ 100 ዋት አምፕ ግን እዚያ የሚደርሰው በክፍል ውስጥ ሊቋቋሙት በማይቻል ጩኸት ነው፤ በዝቅተኛ ድምፅ ሲሞከር «ደረቅ» የሚሆነውም ገና ሥራ ስላልጀመረ ነው። ለቤት ከ1 እስከ 5 ዋት ይበቃል። ከድራም ጋር ሻካራ ድምፅ ለሚፈልግ ከ15 እስከ 20፣ ከድራም ጋር ጥርት ያለ ድምፅ ለሚፈልግ ከ30 እስከ 50 ዋት ጥሩ መነሻ ነው።

«3 ላይ ይህን ያህል ከጮኸ 10 ላይ ጉድ ነው»

በብዙ አምፖች ላይ አብዛኛው ጩኸት 3 ወይም 4 ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ዲስቶርሽን (መሻከሩ) ነው። ቮልዩሙን ከ2 ወደ 4፣ ቀጥሎ ከ6 ወደ 8 አዙሩና ልዩነቱን ስሙት።

«ሁሉም ማዞሪያ መሃል ላይ ሲሆን እውነተኛው ድምፅ ይሰማል»

የቤዝ፣ የሚድና የትሬብል (የወፍራም፣ የመካከለኛና የቀጭን ድምፅ) ማዞሪያዎች አንዱ ሌላውን ይነካል፤ በተለመዱት የፌንደር ሰርኪዩቶች ሁሉም 5 ላይ ሲሆኑ መካከለኛው ድምፅ ጎድጉዷል። ወደ ቀጥተኛው ድምፅ ለመቅረብ ሚድን 10፣ ቤዝና ትሬብልን 2 ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። የራሳችሁን ጊታርና ኬብል ይዛችሁ ሂዱ፤ በማታውቁት ጊታር የተሞከረ አምፕ አልተሞከረም። ትሬብል ከስፒከሩ መሃል እንደ ጨረር ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ራቁና ጆሯችሁን በስፒከሩ ቁመት ልክ ዝቅ አድርጉ። አንድ ኮርድ በኃይል ምቱ፤ ከዚያ የጊታሩን ቮልዩም ወደ 5 ቀንሱ። የጥሩ አምፕ ድምፅ ወዲያው ጥርት ይላል።

«እምም የሚል አምፕ ተበላሽቷል»

የጊታሩን ቮልዩም 0 አድርጉ። ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው የጊታሩ ማግኔት) ነው፤ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል) ከሆነ ቆማችሁ ስትዞሩ ይቀንሳል። ኬብሉ ተነቅሎም ከቀጠለ የአምፑ ነው፤ ትንሽ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ጎልቶ ከተሰማ ግን የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) አርጅተው ሊሆን ይችላል። ማዞሪያ ሲያንኳኳ ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው፤ በኮንታክት ክሊነር ይጸዳል።

ትናንሾቹን የፕሪአምፕ ቲዩቦች (የጊታሩን ምልክት መጀመሪያ የሚያጎሉትን) ደግሞ አምፑ በርቶ እያለ ሻጩን አስፈቅዳችሁ በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጓቸው። ከስፒከሩ ደረቅ «ጧ» ቢሰማ ምንም አይደለም። እንደ ደወል ጮኾ ካስተጋባ ያ ቲዩብ መቀየር አለበት፤ አምፑን ለመተው ግን ምክንያት አይሆንም። እጃችሁን ግን አታስገቡ፤ ውስጡ ከ300 እስከ 500 ቮልት አለ፣ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ሊያቆዩት ይችላሉ።

«ሰማያዊ ብርሃን ካለው ቲዩቡ አልቆለታል»

ብርጭቆው ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጭላንጭልም፣ መሃሉ ላይ ያለው ብርቱካናማ ፍምም ጤናማ ናቸው። የሚያስፈራው በብርጭቆው ውስጥ ያለው ውጭኛው ግራጫ ብረት ራሱ ሲቀላ ነው፤ ያን ጊዜ ወዲያው አጥፉት። የብርጭቆው የብር ቀለም ነጭ ከሆነ አየር ገብቶበታል።

«ቲዩብ በየዓመቱ ይቀየራል»

የፕሪአምፕ ቲዩቦች ለብዙ ዓመታት ይሠራሉ። ቶሎ የሚደክሙት የፓወር ቲዩቦች (ስፒከሩን የሚነዱት) ናቸው፤ የሚቀየሩትም ሲደክሙ ነው።

«ስፒከር ባይሰካም ማብራት ይቻላል»

ይህ ብዙ አምፕ ያቃጥላል። ጭነት (ስፒከር) የሌለው የአውትፑት ትራንስፎርመር (ቲዩቦቹን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ጊታሩ ሲመታ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥርና የራሱን መጠቅለያ ወይም የቲዩቡን ሶኬት ይበሳል። ባለ 8 ኦም ስፒከር 8 ኦም የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ ይሰካ። የጊታር ኬብል ጃኩ አንድ ስለሆነ ብቻ ለስፒከር አይሆንም፤ ቀጭን ሽቦው ይሞቃል፣ ሊቋረጥም ይችላል። ከማብራታችሁ በፊት ከኋላ ዞራችሁ የስፒከሩ ጃክ እስከ መጨረሻው መግባቱን በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ አረጋግጡ።