ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፋይበር ግላስ ሲባል ምን ማለት ነው?

በፋብሪካ ጭስ ማጣሪያ ሰነዶች ላይ «ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፋይበር ግላስ» የሚለው ስያሜ ብዙዎችን ግራ ያጋባል፤ ተራው ፋይበር ግላስ፣ ማለትም በሙጫ የተያያዘ የመስታወት ክር፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። ነገሩ የሚገባን ቁሱ የሚሠራበትን እርጥብ ኤሌክትሮስታቲክ ማጣሪያ ስናውቅ ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት የተሰጠው ሽቦ ለሰልፈሪክ አሲድ ጉም ጠብታዎች የኤሌክትሪክ ሙል ይሰጣቸዋል፤ ጠብታዎቹም በዙሪያው ባለው ቱቦ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ወደ ታች ይወርዳሉ። ግድግዳው ይህን የኤሌክትሪክ ሙል ወደ መሬት ካላሳለፈ ማጣሪያው በአግባቡ አይሠራም፤ ተራ ብረት ከሆነ ደግሞ አሲዱ ይበላዋል። ቀደም ባለው ጊዜ ለዚህ ያገለግል የነበረው እርሳስ አሲዱን ቢቋቋምም ከባድ፣ ለስላሳና መርዛማ ነው።

ስለዚህ አሲድ የሚችል ቪኒል ኤስተር የተባለ የፕላስቲክ ሙጫ ከካርቦን ክር ወይም የካርቦን ዓይነት ከሆነው ከግራፋይት ዱቄት ጋር ይዋሃዳል። ሙጫው ራሱ አስተላላፊ አይሆንም፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው እርስ በርሱ በተነካካው ካርቦን በኩል ነው። ይህን መለየት ያስፈልጋል፤ «አስተላላፊ» ማለት እዚህ ላይ «እንደ መዳብ» ማለት አይደለምና። የካርቦን ክር የማስተላለፍ አቅም ከመዳብ 1000 ጊዜ ያህል ቢያንስም፣ በግድግዳው የሚያልፈው ከረንት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይበቃል፤ በእኔ እምነት ከዚህ ይልቅ በጥንቃቄ መፈተሽ ያለበት የካርቦኑ ንብርብር ከመሬት ገመዱ ጋር በትክክል መያያዙ ነው።