የደም ሴሎችን አቀዝቅዞ ማቆየትና መልሶ ማንቃት

ኬ562 እና ኤችኤል-60 ከደም ካንሰር ታማሚዎች የተወሰዱ የሴል ዘሮች ናቸው። ሁለቱም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየላብራቶሪው እየተራቡ እስካሁን አሉ። ግን ዝም ብሎ ማራባት አያዋጣም። ሴሎቹ ሲቆዩ ባሕርያቸው ይለወጣል፣ ማይኮፕላዝማ የተባለ ጥቃቅን ባክቴሪያም ሊገባባቸው ይችላል። መፍትሔው ገና ደህና ሳሉ ማቀዝቀዝ ነው።

ጣጣው በረዶው ላይ ነው። ቅዝቃዜው በጣም ከፈጠነ በሴሉ ውስጥ በረዶ ይሠራና ይጎዳዋል። በጣም ከዘገየ ደግሞ የውጭው ውሃ ቀድሞ በረዶ ይሆናል፤ በቀረው ፈሳሽ ጨው ይበረታል፣ ሴሉም ውሃውን ተነጥቆ ይጨማደዳል። ለብዙዎቹ የሚስማማው ፍጥነት በደቂቃ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ለዚህ ውድ ማሽን የግድ አይደለም። ሴሎቹ ያሉባቸውን ብልቃጦች አልኮል በያዘ ልዩ ዕቃ ከትቶ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ማሳደር ይበቃል። ከዚያ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ ይዛወራሉ።

ከበረዶ ጉዳት የሚከላከል ኬሚካል ከሌለ ግን በዚህ ፍጥነትም ብዙ ሴል አይተርፍም። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዝ ውስጥ የዶሮ የዘር ሴል በግሊሰሮል ተጠብቆ ከቅዝቃዜ ተረፈ። ዲኤምኤስኦ የተባለው ሌላው መከላከያ ኬሚካል የመጣው በ1959 ነው። ዛሬ የተለመደው 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ ከሴረም (ከደም ከሚለይ ፈሳሽ) ጋር ነው።

ለኤችኤል-60 ይሄው ኬሚካል ሌላ መዘዝ አለው። 1.25 በመቶ ያህል እንኳ ለቀናት አብሯቸው ከቆየ ሴሎቹ መራባት ያቆሙና ኒውትሮፊል የተባለውን ነጭ የደም ሴል ወደሚመስል ሴል ያድጋሉ። ተመራማሪዎች ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ሳያስቡት ሲሆን ግን ሙከራ ያበላሻል።

ስለዚህ ማቅለጡ ጥድፊያ ይፈልጋል። ብልቃጡ ክዳኑ ሳይነከር 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይወዛወዛል። ትንሽ በረዶ ሲቀረው ይወጣል፣ በ70 በመቶ አልኮል ይወለወላል። ሴሎቹ ወደ ሞቀ ምግባቸው ጠብ ጠብ ይደረጋሉ፤ ድንገተኛ ለውጥ ያፈነዳቸዋል። ከዚያ ሴንትሪፊዩጅ በተባለ መሣሪያ በቀስታ ተሽከርክረው ወደ ታች ሲዘቅጡ ዲኤምኤስኦው ይደፋል። ትራይፓን ብሉ በተባለ ቀለም ሲታዩ የሞቱት ሰማያዊ ይሆናሉ። እነዚህ ሴሎች ተንሳፋፊ ስለሆኑ ከሳህን የማላቀቅ ጣጣ የለባቸውም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘለል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የተነከረ ብልቃጥ ፈሳሹ ከገባበት ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። የፊት መከላከያ ሳያደርጉ መንካት ቀልድ አይደለም። ብዙ ቦታ ከፈሳሹ በላይ ባለው ትነት ውስጥ ማስቀመጥን የሚመርጡት ለዚሁ ነው።